በኮላ የተነባበረ እንጨት፣ እርጥበትና መበስበስ፦ አፓርታማ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲያትል ነው። ግድግዳውና ወለሉ በፋብሪካ በተነባበረ እንጨት በሚሠራ ባለ 6 ፎቅ ሕንፃ ላይ አንድ አፓርታማ ለመግዛት ቀብድ ከፍያለሁ። ሕንፃው ገና አልተጠናቀቀም። ባለፈው ሳምንት ገብቼ ሳየው በጣሪያው እንጨት ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ውሃ የሄደበት መስመር ነበር፤ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ደግሞ የእርጥብ እንጨት ሽታ ሸተተኝ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ‹እንጨቱ በምድጃ የደረቀ ስለሆነ አይበሰብስም፤ ኮላውም ውሃ አያስገባም፤ ጥቁሩ ነገር ተፍቆ ይጠፋል› አለችኝ። አዲስ አበባ ያለው ሲቪል መሐንዲስ ወንድሜ ግን ‹እንጨት እንጨት ነው፤ 10 ዓመት ሳይሞላው ይበሰብስብሃል፤ ቀብድህን ተቀበልና ውጣ› ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ የሽያጭ ሠራተኛዋ የነገረችዎትም ሆነ ወንድምዎ የሚሉት ልክ አይደለም። ከሁለቱ ግን ይበልጥ የሚያሰጋኝ የሠራተኛዋ ቃል ነው፤ ምክንያቱም ሰው እርሱን አምኖ ይፈርማል።

«በምድጃ የደረቀ እንጨት አይበሰብስም» ከሚለው ልጀምር። ሲ.ኤል.ቲ የሚባለው ይህ የሕንፃ እንጨት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኦስትሪያና በጀርመን የዳበረ ሲሆን፣ አሠራሩም ጣውላዎችን አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን ረድፍ በአግድም እያነባበሩ በኮላ ማጣበቅና በከባድ መጭመቂያ መጫን ነው። ጣውላዎቹ ከመጣበቃቸው በፊት ማድረቂያ ምድጃ ገብተው የውሃ መጠናቸው ከደረቅ ክብደታቸው 12 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይደረጋል፤ የሰሜን አሜሪካው የምርት ደረጃ ከዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ3 በመቶ በላይ እንዲርቅ አይፈቅድም። ምድጃው በእንጨቱ ውስጥ የነበረውን ፈንገስ ይገድላል፣ ውሃውንም ያስወጣል፤ ለወደፊቱ የሚሆን መከላከያ ግን አይጨምርለትም። ድርቆሽን ያስቡ። በደረቅ ዕቃ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ነክቶት ተከድኖ ከዋለ ካደረ ግን ሻጋታ ያበቅላል፤ ቀድሞ መድረቁ ያን ጊዜ አያድነውም። እንጨትም እንዲሁ ነው።

ስለ ኮላው የተባለው በከፊል እውነት ነው። ለዚህ ሥራ የሚውሉት ኮላዎች እርጥበት ቢነካቸውም ንብርብሮቹን እንደያዙ እንዲቆዩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ኮላው ውሃን ተቋቋመ ማለት በኮላው ግራና ቀኝ ያለው እንጨት ውሃ አይጠጣም ማለት አይደለም። እንዲያውም የኮላው ሽፋን ከንብርብር ወደ ንብርብር የሚደረገውን የእርጥበት ጉዞ ስለሚያዘገየው፣ አንዴ በስንጥቅ ወይም በመጋጠሚያ በኩል ወደ ውስጥ የዘለቀ ውሃ ለመውጣት ከገባበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ወደ ወንድምዎ ሐሳብ ስንመጣ፣ እርሳቸው እየተናገሩ ያሉት ሁላችንም ስለምናውቀው የባሕር ዛፍ አጥር ይመስለኛል። የአጥር ቋሚ ሲነቀል አይተው ከሆነ የበሰበሰው የት ላይ እንደሆነ ያስታውሱ። ከላይ ያለው ክፍል ዝናብ ቢመታውም ነፋስና ፀሐይ ስለሚያደርቁት ደኅና ነው፤ ከሥር በጥልቀት የተቀበረው ጫፍም አየር እንደ ልብ ስለማያገኝ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ የሚበሰብሰው መሬቱ ገጽ ላይ ያለው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ነው፤ ውሃውም አየሩም የሚገኘው እዚያ ነውና። ሰዎች የቋሚውን እግር በእሳት የሚለበልቡትና የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ይመልከቱ፤ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ሲሆን፣ ዋሻው ከዝናብ ስለጋረደው እንጨቱ ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል። እንጨት በዕድሜው ብዛት ብቻ አይበሰብስም። ያለ ውሃ የሚያበሰብስ ፈንገስ የለም፤ በእንግሊዝኛ «ደረቅ መበስበስ» ተብሎ የሚጠራው ዓይነት እንኳ ለመነሣት እርጥበት ይፈልጋል።

ልኩን በቁጥር እንየው። በእንጨት ውስጥ ውሃ የሚቀመጠው በሁለት ቦታ ነው፤ መጀመሪያ የሕዋሳቱን ግድግዳ ያርሳል፣ ግድግዳው ሲጠግብ ደግሞ ትርፉ ባዶ ክፍሎቹን መሙላት ይጀምራል። ግድግዳው የሚጠግበው የውሃው መጠን ከ28 እስከ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ አበስባሽ ፈንገሶችም በደንብ የሚሠሩት ከዚያ አካባቢ ጀምሮ ነው። መለኪያ ሊሳሳት፣ ከተለካው ቦታ አጠገብም የባሰ እርጥብ ሊኖር ስለሚችል ባለሙያዎች ድንበሩን 20 በመቶ ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በታች የቆየ እንጨት አይበሰብስም። ሻጋታ ግን የሚመግበው የእንጨቱ ገጽና የአየሩ እርጥበት ስለሆነ ቀድሞ ይመጣል፤ ገጹን የነካው አየር ለሳምንታት ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ከኖረው ይበቃዋል። ሻጋታ ጤና ይጎዳል፣ ያስጠላል፤ የእንጨቱን ጉልበት ግን አይበላም። አበስባሹ ፈንገስ ደግሞ በተቃራኒው ለዓይን ሳይታይ ይሠራል፤ እንጨቱ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን እንኳ ሳያጣ ጥንካሬው በግማሽ ሊወርድ ይችላል። «ካየሁት በኋላ እጠግነዋለሁ» የሚለው አካሄድ የማይሠራው ለዚህ ነው።

እነዚህን ሕንፃዎች ከተለመደው የእንጨት ቤት የሚለያቸው ውፍረታቸው ነው። ባለ 5 ንብርብር፣ 175 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፓነል (በኮላ ተነባብሮ የተሠራው ሰፊ የእንጨት ገበታ) በ1 ካሬ ሜትር 70 ኪሎ ገደማ ደረቅ እንጨት ይይዛል። የውሃው መጠን ከ12 ወደ 22 በመቶ ቢያድግ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 7 ሊትር ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፤ 20 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል 140 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 7 ጀሪካን ይሆናል። በተግባር ዝናብ ፓነሉን እኩል አያረጥበውም፤ የላይኛው ንብርብር ብቻ በዚያ መጠን ቢረጥብ እንኳ ለዚያው ክፍል 28 ሊትር ነው። ቀጭን እንጨት ይህን ውሃ በቀናት ይተፋዋል፤ ወፍራሙ ፓነል ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል፤ በኃይለኛ ሙቀት ካጣደፉት ይሰነጣጠቃል። ደግሞም ውሃ የሚገባው በሰፊው ገጽ በኩል አይደለም ማለት ይቻላል፤ በብዛት የሚገባው ጣውላው በተቆረጠበት ጫፍ፣ በሁለት ፓነሎች መጋጠሚያ፣ ለቧንቧ በተበሳው ቀዳዳና በብሎን ጉድጓዶች ነው። የእንጨት ጫፍ እንደ ብዙ ቀጫጭን የመጠጫ ቱቦዎች አፍ ነው፤ ከገጹ ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ውሃ ይመጥጣል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውሉት ስፕሩስና ዳግላስ ፈር ከእኛ ጽድና ወይራ ጋር በመቋቋም አይወዳደሩም፤ በተለይ ስፕሩስ በባሕርይው መበስበስን እምብዛም አይችልም።

ስለ ሲያትል ዝናብም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። በዓመት የሚወርደው 950 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ የበለጠ ይዘንባታል። ልዩነቱ የአዲስ አበባው በክረምት ወራት በኃይል ወርዶ ጥቅምት ሲጠባ ብርቱ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ መከተሉ ነው። የሲያትሉ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ በቀስታ ሲያካፋ ይከርማል፤ በዚያ ላይ ቀኑ አጭርና ቀዝቃዛ ስለሆነ ትላንት የረጠበው ዛሬ አይደርቅም። በበጋ የተተከለ ፓነልና በኅዳር የተተከለ ፓነል አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም። ከእርስዎ ከተማ ወደ ሰሜን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቫንኩቨር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ በርካታ ኮንዶሚኒየሞች ውሃ አስገብተው ግድግዳቸው በስብሶ፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1998 መንግሥታዊ አጣሪ ኮሚሽን እስኪቋቋምለት ደርሶ ነበር፤ በኒውዚላንድም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ መከራ ደረሰ። የተበላሹት በቀጭን እንጨት የተዋቀሩ ቤቶች ነበሩ፤ ሲ.ኤል.ቲ አልነበሩም። ምክንያቱ ግን ለእርስዎም ሕንፃ ይሠራል፦ ጣሪያው ለግድግዳው ጥላ አልነበረውም፣ ግድግዳው በአንድ ሽፋን ብቻ ውሃ እንዲከለክል ታስቦ ነበር፣ ከሽፋኑ ጀርባ ደግሞ የሾለከው ውሃ የሚወርድበትና አየር የሚገባበት ክፍተት አልተተወለትም። ውሃው በጥቂቱ ገባ፤ መውጫ አጣ።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዲስ ሕንፃ እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። የክፍሎቹን ጣሪያ ከታች ስለካው 12 እና 13 በመቶ እያለ ያነብብልኛል፤ እንጨቱ ንጹሕ፣ ቀለሙም ብሩህ ነው። የከነከነኝ በአንድ መታጠቢያ ቤት በር አጠገብ የሚሸት የእንጉዳይ የመሰለ ሽታ ነበር። ከላይ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ሊሾ በሁለት ፓነሎች መጋጠሚያ ላይ ፈልፍለን ከፈትነው። መለኪያው 27 በመቶ አሳየ። በካቻቢቴ ጫፍ እንጨቱን ወግቼ ስንጥር ለማንሣት ስሞክር፣ ጤነኛ እንጨት ቀጭ ብሎ ረጅም ስንጣሪ እንደሚሰጠው ሳይሆን እንደ ደረቀ ኬክ ተቆርሶ ቀረ። ሠራተኞቹ ዝናብ የጣለበትን ወለል ገጹ ሲደርቅ ደርቋል ብለው ሊሾውን አፍስሰውበት ነበር፤ ሊሾውም ራሱ በውሃ የተቦካ ነው። የበሰበሰውን ቆርጦ ለመተካትና ቀሪውን በእርጥበት መምጠጫ ማሽን ለማድረቅ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ገጹ 13፣ ውስጡ 27፤ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሲያትል ውስጥ ከእንጨት ሕንፃ አፓርታማ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል።

እርስዎ ያዩት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻውን ሕንፃው በስብሷል አያሰኝም። ከብረት ጋር የተነካካ እርጥብ እንጨት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ዛፉ ገና ግንድ ሳለ የገባ ሰማያዊ የቀለም ፈንገስም ጥንካሬውን አይነካም፤ ከደረቀ በኋላም አይስፋፋም። ውሃ የሄደበት መስመር ግን ከፓነሎች መጋጠሚያ የሚጀምር ከሆነ ውሃው ከላይ ወደ ታች ውፍረቱን አቋርጦ እንዳለፈ ይናገራልና ችላ አይባልም። ስለዚህ «ተፍቆ ይጠፋል» ሲሉዎት ከመፋቁ በፊት ይለካ፣ ፎቶም ይነሣ ይበሉ፤ ከተፋቀ በኋላ የት እንደሚለካ የሚያሳይ ምልክት አይኖርም። በክረምት ማሞቂያ ሲሠራ በገጹ ላይ የሚወጡ ቀጫጭን ስንጥቆች ደግሞ የመድረቅ እንጂ የመበስበስ ምልክት ስላልሆኑ አያስደንግጡዎ።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ሻጩን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። አንደኛው፣ ፓነሎቹ ከተተከሉበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሸፈኑ ድረስ የተወሰደው የእርጥበት ልኬት መዝገብ ነው፤ በየቀኑ ስንት ቦታ፣ በምን ጥልቀት፣ ስንት በመቶ እንደተገኘ የሚያሳይ መሆን አለበት። ሥራውን የሚያውቅ ተቋራጭ ይህን ሳይይዝ ሊሾ አያፈስም። ሁለተኛው፣ በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ምዕራፍ 64.55 መሠረት ለኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች የሚጠየቀው የውጭ ሽፋን ንድፍና በግንባታ ወቅት የተደረገው ቁጥጥር ማረጋገጫ ደብዳቤ ነው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። ይህ ደብዳቤ ግድግዳውና መስኮቱ ዝናብ እንዳያስገባ በንድፉ መሠረት መሠራቱን ያሳያል፤ ፓነሉ በግንባታ ጊዜ መርጠቡን ወይም መድረቁን ስለማይናገር አንዱ ሌላውን አይተካም። ሦስተኛው፣ እርስዎ የሚከፍሉት፣ ከሻጩ ጋር ጥቅም የማይጋራ መርማሪ ገብቶ እንዲለካ ፈቃድ ነው።

መርማሪው የሚጠቀምበት መሣሪያ ከጫፉ በቀር ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ልባስ የተሸፈነ ረጃጅም መርፌ ያለው መሆን አለበት። ገጹን በመንካት ብቻ የሚያነብበው ዓይነት ደረቅ ቆዳ ለብሶ ውስጡ እርጥብ የሆነን ፓነል አያጋልጥም። ንባቡ ለእንጨቱ ዝርያና ለሙቀቱ መስተካከል አለበት፤ መርፌው ኮላ መስመር ላይ ካረፈ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ስለሚችል በአንድ ነጥብ አይፈረድም። እንዲለካ የምፈልገው በጥቁሩ ነጠብጣብ አካባቢ፣ በመጋጠሚያዎቹ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ ግድግዳው ከመስኮት በታች ባለው ጠርዝና፣ ከተቻለ፣ በሕንፃው የላይኛው ጣሪያ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅም ይሁን ስድስተኛ የሚገዙት ጣሪያው የእርስዎም ነው፤ የጥገናው ዕዳ ለሁሉም ባለቤት ይከፋፈላልና። ጠፍጣፋ ጣሪያ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሰጋል፤ እርጥብ ፓነል ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ከተለጠፈበት ወደ ላይ መድረቅ አይችልም፤ ከታች በጂፕሰም ቦርድ ከተሸፈነ ወደ ታች የሚወጣበትም መንገድ ይጠብበታል። ጂፕሰሙ ለእሳት መከላከያ ስለሚያስፈልግ ይነሣ አልልም፤ ከመሸፈኑ በፊት ይለካ ነው የምለው።

ምክሬ ይህ ነው፦ ልኬቱ በየትኛውም ጥልቀት ከ16 በመቶ በታች ከሆነና መዝገቡ ከተሰጠዎት አፓርታማውን ይግዙ፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ አያስጨንቅዎት። ከ16 እስከ 20 በመቶ ከሆነ ወለሉና ጣሪያው እንዳይሸፈን፣ ደርቆም እንደገና እንዲለካ በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ መዘግየቱን ይታገሱ። ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ አስቀድሞ ከተሸፈነ፣ ወይም መዝገቡም ፈቃዱም ከተከለከለዎት ይውጡ። ቀብዱ የሚመለስበትን ሁኔታ ውሉ ስለሚወስነው ይህን ለጠበቃ አሳይተው እንጂ በቃል አይጨርሱት። አንዳንድ ሻጭ በዚህ ጊዜ ዋጋ ልቀንስልዎ ይላል፤ አይቀበሉት። የዋጋ ቅናሽ እንጨት አያደርቅም፤ ችግሩንም ከእርሱ ትከሻ ወደ እርስዎና ወደ ጎረቤቶችዎ ያዛውረዋል።

ልኬት ማድረግም ወሰን አለው። መርፌ የሚያሳየው የወጋውን ቦታ የዚያን ቀን ሁኔታ ብቻ ነው፤ ዛሬ 13 በመቶ የሆነ ወለል ከ3 ዓመት በኋላ ከሚፈስ ቧንቧ አያድንም። በሕግ የሚሰጠው የግንባታ ዋስትና የይገባኛል ጊዜም በስቴትዎ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ሲሆን፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ መበስበስ ከዚያ በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠበቃዎ ያስላልዎት፤ ከነዋሪዎቹ ጋር ሆናችሁም ጊዜው ከማለቁ በፊት ሕንፃውን በሙሉ አስመርምሩ።

ከገቡ በኋላ ትልቁ ጠላትዎ ዝናብ ሳይሆን የቤትዎ ውሃ ነው። በሻወሩ፣ በልብስ ማጠቢያውና በዕቃ ማጠቢያው ሥር ውሃ ሲነካው የሚጮህ መሣሪያ ያስቀምጡ፤ ቢቻል ውሃውን በራሱ የሚዘጋውን ዓይነት ያስገጥሙ። እንጀራ ቤት ውስጥ የሚጋገር ከሆነ እንፋሎቱ ፓነሉን አያበሰብስም፤ በቀዝቃዛ የግድግዳ ማዕዘን ላይ ግን ሻጋታ ስለሚያመጣ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ እንጂ አጣርቶ ወደ ቤት የሚመልስ አለመሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ። ወለሉ ላይ ውሃ ከፈሰሰና ከአንድ ባልዲ በላይ ከሆነ ላዩን ወልውለው አይተውት፤ በዚያው ሳምንት መጋጠሚያው አጠገብ ያስለኩት፤ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ ንጣፉ ይነሣና እንጨቱ ደረቀ እስኪባል ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆይ።